የባሕር ሰዎች በኦሞ ወንዝ፤ ስለ ማጂ ቆላ የተጻፉ የጉዞ መጻሕፍት ሲመረመሩ

የባሕር ጉዞ ታሪክ በጉባኤ የሚነገርበት ልማድ በአውሮፓ ከተሞች የቆየ ነው። የጀልባ ክበብም ይሁን የጂኦግራፊ ማኅበር፥ አባላቱ ማታ ተሰብስበው ከሩቅ አገር የተመለሰውን መንገደኛ ያዳምጣሉ። ካርታ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ተናጋሪውም ከማዕበሉ ይጀምርና መልሕቅ ከተጣለበት ስፍራ ሲደርስ ንግግሩን ያበቃል። የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር እንዲህ ያለውን ንግግር፥ ከንግግሩ በኋላ ከተደረገው ውይይት ጋር፥ ከ1893 ጀምሮ በሚታተመው መጽሔቱ ያወጣ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማጂ ከባሕር የራቀ የተራራ አገር ነውና፥ እንዲህ ካለው ንግግር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን ከማጂ ተራራ ግርጌ እስከ ኦሞ ወንዝ፥ ከዚያም ወንዙ እስከሚገባበት ሐይቅ ድረስ ስላለው ቆላ በአውሮፓ ቋንቋዎች ቀድመው ከታተሙት ታላላቅ መጻሕፍት ሁለቱ በባሕር ኃይል መኮንኖች እጅ የተጻፉ ናቸው። አንደኛው ጸሐፊ የኦስትሪያና የሀንጋሪ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ሉድቪግ ፎን ሆኔል ነው። ሁለተኛው ከባልደረባው ከካርሎ ቺቴርኒ ጋር የጻፈው የኢጣልያ ባሕር ኃይል መኮንን ላምቤርቶ ቫኑቴሊ ነው። እንግዲህ ቆላው ለውጭው ዓለም መጀመሪያ የተነበበው በመርከበኛ ዓይን ነው ማለት ነው። እኔ ለማሳየት የምሞክረው፥ ይህ ዓይን ብዙ ነገር በትክክል ሲያይ፥ በወንዙ ላይ የነበረውን እውነተኛውን ባለ ጀልባ፥ ማለት ከግንድ በተቦረቦረ ታንኳ ሰው የሚያሻግረውን፥ ከታሪኩ ውጭ አስቀምጦት እንደ ሄደ ነው።

ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት ማስቀደም ያስፈልጋል። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ማጂ የሚዘልቀው ደጋ እንደ ጎጆ ክዳን ውሃውን በሁለት ወገን ያወርዳል። በምዕራብ ፊቱ የዘነበው ወደ አኮቦ፥ በሶባትም አድርጎ ወደ ነጭ ዓባይ ይሄድና መጨረሻው ሜዲቴራኒያን ባሕር ነው። በምሥራቅ ፊቱ የዘነበው ግን ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም መውጫ በሌለው በቱርካና ሐይቅ ገብቶ እዚያው በፀሐይ ይተናል። ለማጂ ሰው ይህ ከተራራው ላይ ቆሞ ወደ ታች በማየት የሚታወቅ ነገር ሲሆን፥ ለአውሮፓ ሊቃውንት ግን የግማሽ ምዕተ ዓመት ክርክር ነበር። በ1840ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጓዘው ፈረንሳዊ አንቷን ዳባዲ ኦሞ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ሲከራከር፥ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ አጥብቆ ተቃወመው። ዳባዲ ተረታ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ የዛሬዎቹ የምድር ጥናት ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፥ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት ዝናቡ በበዛበት ዘመን የቱርካና ሐይቅ ሞልቶ በሶባት በኩል ወደ ዓባይ ይፈስ ነበር። የዓባይ ዓሣና አዞ በሐይቁ ውስጥ የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዳባዲ የተሳሳተው በቦታው ሳይሆን በዘመኑ ነው ብንል ያስኬዳል።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንግባ። ሆኔል የተጓዘው ከሀንጋሪያዊው መስፍን ከሳሙኤል ቴሌኪ ጋር ነው። ቴሌኪ አዳኝና የጉዞው ባለቤት ሲሆን፥ ካርታውና መጽሐፉ የሆኔል ናቸው። ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ተነሥተው በማርች 1888 የሐይቁን ደቡብ ጫፍ አዩ፤ በምሥራቅ ዳር ወደ ሰሜን ሄደው ዛሬ ዳሰነች ከምንለው፥ ሆኔል ግን ሬሺያት ብሎ ከጻፈው ሕዝብ አገር ደረሱ፤ ኦሞን ሽቅብ ሳይከተሉም ተመለሱ። የሆኔል መጽሐፍ በጀርመንኛ በ1892፥ በእንግሊዝኛ በ1894 ወጣ። ርእሱም የሩዶልፍና የስቴፋኒ ሐይቆች መገኘት የሚል ነው።

የዚህ መጽሐፍ መልካምነት ከጸሐፊው ሙያ የመጣ ነው። ሆኔል በየብስ ላይ ሳለ የመርከብ መዝገብ እንደሚይዝ ሰው ነው። ሰዓቱን፥ አቅጣጫውን፥ ከፍታውንና የኮከቡን ልክ ሳይጽፍ አይውልም፤ ነፋሱን የሚገልጸውም እንደ ገበሬ ሳይሆን ሸራ መስቀል እንደሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ስለ አገራችን በተጻፉ የጉዞ መጻሕፍት ሁሉ አይገኝም፤ ዛሬም የሐይቁ ውሃ የት ደርሶ እንደ ነበር የሚያጠና ሰው እርሱን ሳይመለከት አያልፍም። ይህን ሳልመሰክር ወደ ነቀፌታ ብገባ ግፍ ይሆናል።

ነገር ግን መጽሐፉ በገዛ ራሱ ላይ ይመሰክራል። ሐይቁ በአካባቢው ባሶ ናሮክ፥ ማለት ጥቁሩ ውሃ፥ ሁለተኛውም ባሶ ኤቦር፥ ማለት ነጩ ውሃ፥ ይባል እንደ ነበር የነገረን ራሱ ሆኔል ነው። ሰሜን ስለሚገባው ወንዝም ኒያናም የሚለውን የአገሬውን ስም ጽፏል። ስም ያለው፥ መንገድ ያለው፥ ወሬውም ከነጋዴዎች አስቀድሞ የተሰማ ውሃ እንዴት ተገኘ ይባላል? ልዑል ሩዶልፍ ሐይቁ በስሙ ከተጠራ ዓመት ሳይሞላው በ1889 ሞተ፤ ስሙ ግን በካርታ ላይ እስከ 1975 ቆይቶ፥ በዚያ ዓመት የኬንያ መንግሥት ቱርካና ብሎ ለወጠው። ስቴፋኒ የተባለውም ለእኛ ጨው ባሕር ነው። እዚህ ላይ ስሕተቱ የእውቀት ማነስ አይደለም፤ ሆኔል ያውቅ ነበር፤ ጽፎታልም። ስሕተቱ የንግግሩ ልማድ ነው። ከአዳራሹ የተቀመጠው አድማጭ መርከበኛው አዲስ ደሴት እንዲያመጣለት ይጠብቃልና፥ ከተመልካቹ ዓይን በፊት የነበረው ስም ወደ ግርጌ ይወርዳል።

የቫኑቴሊና የቺቴርኒ መጽሐፍ ኦሞ ይባላል፤ በሚላኖ በ1899 የታተመ ነው። የጉዞው አለቃ ቪቶሪዮ ቦጤጎ ነበር። በ1895 ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥተው፥ የዓድዋ ጦርነት ሲደረግ እነርሱ በመንገድ ላይ ነበሩ። በ1896 ክረምት ኦሞን ተከትለው ከሐይቁ ደረሱና ዳባዲና ቢክ የተከራከሩበትን ነገር ቈረጡት። ከዚያም ወደ ሶባት ገባሮች ዞረው ወደ ሰሜን ሲወጡ በማርች 1897 በወለጋ ምዕራብ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ተጋጥመው ቦጤጎ ሞተ፤ ሁለቱ ጸሐፊዎች ተማርከው በኋላ በምኒልክ ተለቀቁ። መጽሐፉን የጻፉት አለቃቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከሆኔል ይልቅ የሐዘን ድምፅ አለበት። በበኩሌ እንደ ጽሑፍ የሚበልጠው ይህኛው ይመስለኛል። የሆነ ሆኖ መጽሐፉን የሳይንስ ጉዞ ብቻ አድርጎ ማንበብ የዋህነት ነው፤ ያው ጉዞ በሉግ የንግድ ጣቢያ አቋቁሞ የሄደ ነውና።

እኔን ያሳሰበኝ ግን አንድ ግሥ ነው። እነዚህ መንገደኞች ወንዝ ሲያልፉ በብዛት የሚሉት፥ ወደ አማርኛ ቢመለስ፥ ተሻገርን ነው። በእነርሱ ቋንቋ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። በአማርኛ ግን አያልቅም። ተሻገረ ያልን እንደ ሆነ አሻገረ የሚለው ወዲያው አጠገቡ ይቆማል፤ ተሻገርን ለሚል መንገደኛ የአገራችን ሰው የሚመልስለት ጥያቄ ማን አሻገራችሁ የሚል ነው። ኦሞ በክረምት ሲሞላ እንኳን ጭነት የያዘ ሠራዊት ባዶ እጁን ያለ ሰውም በእግሩ አያልፈውም፤ አዞም አለበት። ስለዚህ በወንዙ ዳር በተጻፈ መጽሐፍ ተሻገርን የሚል ቃል ባየን ቍጥር ከዚያ ቃል በስተኋላ አንድ የቆመ ሰው አለ ብለን መጠርጠር ይገባናል።

ይህ ሰው ከጊዜ በኋላ በሌላ ጽሑፍ ተገኝቷል። ኩዌጉ የሚባሉት ቍጥራቸው አነስተኛ የሆነ ሕዝብ በኦሞ ዳር የሚኖሩ፥ ከብት የማያረቡ፥ በአደን፥ በማርና በወንዝ ዳር እርሻ የሚተዳደሩ ናቸው። ከግንድ የተቦረቦረውን ታንኳ ሠርተው ሙርሲዎችን ከነእህላቸው ከዳር ወደ ዳር የሚያደርሱት እነርሱ ነበሩ። ዴቪድ ተርተን ስለ ሙርሲና ስለ ኩዌጉ በ1986 ባሳተሙት ጥናት የሚያስገርም ነገር ገልጸዋል። እያንዳንዱ የኩዌጉ ቤተሰብ ከሙርሲ ወገን አንድ ጠባቂ አለው፤ ጠባቂውም ለጋብቻ የሚሆነውን ከብት ይረዳዋል። በአፍ ሲነገር ጥገኛው ኩዌጉ ነው። በሥራ ስናየው ግን ያለ ኩዌጉ ታንኳ ሙርሲው ከማዶ ካለው እርሻው መድረስ ይቸግረዋል። ተርተን የጠየቁት፥ መሻገሪያውን በእጁ የያዘ ሕዝብ ራሱን እንዴት ጥገኛ አድርጎ ሊቈጥር ቻለ የሚለውን ነው። ስለ ማጂ ቆላ ካነበብኳቸው ሁሉ ወንዙን በትክክል የገለጸልኝ ይህ ጥናት ነው፤ በውስጡ አንድም ማዕበል፥ አንድም የተሰቀለ ባንዲራ የለበትም።

ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ ለመጫን አይደለም። እኛስ ስለ ውሃና ስለ ጀልባ ስንናገር ምን ትዝ ይለናል? ምጽዋና አሰብ፥ ወይም የጣና ታንኳ። የጣናን ታንኳ የምናውቀው ወደ ገዳማቱ ስለሚያደርሰን ነው። ከደንገል እያሰሩ በመሥራት የታወቁት ወይጦዎች ግን ጉማሬ አዳኞች እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል፤ ስማቸውም በታሪክ መጽሐፋችን ብዙ አይገኝም። በጣና የወይጦ፥ በኦሞ የኩዌጉ ዕድል አንድ መሆኑ ድንገተኛ ነገር አይመስለኝም። ባለ መሬትና ባለ ከብት በሚከበርበት አገር፥ ኑሮውን በውሃ ላይ ያደረገ ሰው እንደ ሸክላ ሠሪውና እንደ ፋቂው ከማዕዱ ወዲያ ይቀመጣል። ሆኔልና ቫኑቴሊ አሻጋሪውን ሳያዩ ቢያልፉ ለሦስት ቀን እንግዶች ስለ ነበሩ ነው። የእኛን ምን እንበለው?

ለማነጻጸር ያህል ወደ አሌክሳንደር ቡላቶቪች እንለፍ። ሩሲያዊ ፈረሰኛ መኮንን ነው፤ በኋላም መነኰሰ። በ1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር ከከፋ ተነሥቶ እስከ ሐይቁ ደረሰ፤ ራስም በኦሞ መግቢያ የኢትዮጵያን ባንዲራ አስተከሉ። መጽሐፉ በፒተርስቡርግ በ1900 ታተመ። እርሱም ከስም አወጣጥ በሽታ አልዳነም፤ በኦሞና በሶባት መካከል ያለውን ተራራ፥ ማለት ውሃውን በሁለት ወገን የሚያወርደውን የእኛን ደጋ፥ በዐፄ ኒኮላስ ሁለተኛ ስም ጠርቶታል። ይህ ስም በማጂ አፍ አንድ ቀን አልዋለም። ነገር ግን ቡላቶቪች ከሁለቱ መርከበኞች የሚለይበት ነገር አለ። የሚጓዘው ከብዙ ሺህ ወታደር ጋር ስለሆነ መንገድ መሪ ማጣት፥ ውሃ ማጣት፥ ቍስለኛ መሸከም ምን እንደሆነ ያውቃል። የሚያሸንፈውን ሠራዊት እያደነቀ የተሸነፈው ሰው የደረሰበትን መከራ አይሸሽግም፤ ከሐይቁ አጠገብ ቈስሎ ያገኘውን ሕፃን አንሥቶ ወስዶ አሳድጎታል። በእርሱ መጽሐፍ የአገሬው ሰው ባለ ታሪክ ባይሆንም ቢያንስ ይደማል። በመርከበኞቹ መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ባሕር ጠረፍ ከሩቅ የሚታይ ነው።

የማጂን ከተማ የሚመለከተው መጽሐፍ የአርኖልድ ሆድሰን ነው። ሆድሰን በ1920ዎቹ በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፤ መጽሐፉን በ1929 ሲያሳትም አንበሳ የሚነግሥበት አገር የሚል ርእስ ሰጠው። በዚያ ጊዜ የዲዚ ባላባቶች በተራራው ላይ ነበሩ፤ ከእነርሱም በላይ ከማዕከል የተሾሙ ገዢዎች ነበሩ፤ የባሪያ ፍንገላ አገሩን ሰው አልባ እያደረገው ነበር። ይህ ሁሉ ሳለ ርእሱ ዙፋኑን ለአንበሳ መስጠቱ የንባብ ገበያው የፈለገው ጀብዱ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ጠቃሚው ወሬ ከአደኑ መካከል እየተለቀመ መነበብ አለበት።

ጀብዱ ባልሆነ መንገድ የተጻፈ የመርከብ ታሪክ ግን በምዕራብ በኩል አለን፤ እርሱም የጋምቤላ ነው። በሜይ 1902 በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ መንግሥት በባሮ ዳር የንግድ ስፍራ ፈቀዱ፤ ጣቢያውም በ1904 ተቋቋመ። ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና ጨርቅ አራግፈው የደቡብ ምዕራቡን ቡና ይጭኑ ነበር። ውሃው ሲጐድል መርከብ የለም፤ ቡናው በጎተራ ይጠብቃል። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1956 ነው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ይህን ንግድ ሲያጠኑ ጀብደኛ ፍለጋ አልሄዱም፤ የጭነቱን ልክ፥ ቀረጡንና ነጋዴውን መረመሩ። ከጎሬ ደጋ ወደ ወደቡ ቡናውን በበቅሎና በትከሻ ያወረደው ሰው እንዲህ ባለ ጥናት ውስጥ ቦታ ያገኛል፤ ቡናው በፈረሱላ ከተቈጠረ፥ ቈጠራው ተሸካሚ መኖሩን ያስታውሳልና።

አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ የድሮ ሰዎች ነገር ነው ይል ይሆናል። አይደለም። በ1934 ወደ ቱርካና ሐይቅ ከመጣው የእንግሊዞች የጥናት ቡድን ሁለት ሰዎች ወደ ደቡቡ ደሴት በጀልባ ተሻግረው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ይተረካል። ከዘንባባ ግንድ በታሰረ መንሳፈፊያ በዚያው ነፋስ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት ኤል ሞሎዎች ግን የሚያገኙት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በ1973 ደግሞ ሶቤክ የተባለው የአሜሪካኖች ቡድን በጎማ ጀልባ ኦሞን ቍልቍል ወረደ። ስሙ የጥንት ግብጾች የአዞ አምላክ ስም ነው። ድፍረታቸው የሚደነቅ ነው፤ ፏፏቴውንና ገደሉን ያለፉበት ክፍል ለጀልባ የማይመች መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ በሜዳው ሲሄድ፥ ታንኳ ከዳር ወደ ዳር በሚመላለስበት ስፍራም የመጀመሪያ የሚለው ቃል ከነርሱ ጋር አብሮ ወረደ። ቁመቱን የሄደ መርከበኛ ይባላል፤ አግድሙን ዕድሜ ልኩን የሄደ ግን ምንም አይባልም። ልማዱ ከሆኔል እስከ ጎማው ጀልባ አልተለወጠም።

ነገሩን አስቸኳይ የሚያደርገው ወንዙ ራሱ መለወጡ ነው። ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በ2015 ሲሆን፥ በዲሴምበር 2016 ተመረቀ፤ ኃይሉ 1870 ሜጋዋት ነው። ከዚያ ወዲህ ኦሞ እንደ ቀድሞው በየክረምቱ ሞልቶ ዳሩን አልብሶ አይሸሽም። ውሃው የሸሸበትን ጭቃ ተከትሎ ማሽላ የሚዘራው ገበሬ፥ ገበሬውንም የሚያሻግረው ባለ ታንኳ የኖሩት በዚያ ሙላት ነው። ከ2011 ጀምሮም የኩራዝ የስኳር ልማት ከነመንገዱ መጥቷል፤ በኦሞራቴም ድልድይ ተሠርቷል። ድልድይ መጥፎ ነው የሚል የለም፤ በሙላት ወንዝ የታመመ ሰው ይዞ የቆመ ያውቀዋል። ነገር ግን ድልድይ በተሠራበት ስፍራ የታንኳ ሙያ በአንድ ትውልድ ይረሳል።

ስለዚህ በመጻሕፍቱ ያልተጠየቀው አሁን በቦታው ሊጠየቅ ይገባል። ታንኳው ከየትኛው ዛፍ ይቦረቦራል? ለመቦርቦርስ ስንት ሰውና ስንት ቀን ይፈጃል? ወንዙ ሲሞላ ከየት ተነሥቶ ወደ የት ይቀዘፋል፤ ምን ያህልስ ሽቅብ ሄዶ መነሣት ያስፈልጋል? የአሻጋሪው ዋጋ በእህል ነው ወይስ በሌላ? የታንኳው ክፍሎችና የውሃው ዓይነቶች በኩዌጉ ቋንቋ ምን ምን ይባላሉ? ከማጂ ወደ ኦሞ የሚወርድ ተማሪ ይህን በጥቂት ሳምንት ጽፎ ሊመለስ ይችላል፤ የሆኔልን መዝገብ አያያዝም ቢከተል አይጎዳም፥ ሰዓቱን፥ አቅጣጫውንና የውሃውን ልክ፥ በዚህ ላይ ግን የቀዛፊውን ስም ከነአባቱ ጨምሮ።